የስላግ ባንድ የመጨረሻ ልምምድ

ሮላንድ ካዝመር ጊታሩን እንዳነገተ በጀርባው ተዘርግቷል። የታችኛው ከንፈሩ ጠቁሯል፤ የጊታሩ ክሮችም በግራ እጁ ጣቶች ላይ ቀጭን የቃጠሎ መስመር ጥለዋል።

መርማሪ ኦፌሊያ ባራሃስ ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ከንፈሩን አየች፤ ጣቶቹን አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ ማይክሮፎኑን ትክ ብላ ተመለከተች።

«የዚህ ማይክሮፎን ስፖንጅ የት ሄደ?» አለች።



ቦታው በአሜሪካዋ ጌሪ ከተማ ሐይቁ ዳር ያለ፣ ከተዘጋ የቆየ የብረት ማቅለጫ ነው። በብረት ዝቃጭ የተሰየመው የስላግ ባንድ የተወለደው እዚሁ ነበር። የማቅለጫው ወጣት ሠራተኞች ከፈረቃ ሲወጡ ፈጣንና ቁጡ ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር። ኋላ ሮላንድ የብረት መጭመቂያውን፣ የመዶሻውንና የሰንሰለቱን ድምፅ በቴፕ እየቀዳ ከጊታሩ ጋር አዋሃደው። «ፈረቃ» የተባለው አልበማቸው ከወጣ በኋላ በየአገሩ ያሉ ጎረምሶች ጊታራቸውን እንደ ማሽን ለማስጓራት ይታገሉ ጀመር። በአልበሙ ዝነኛ ዘፈን መሐል እየተደጋገመ የሚመጣ፣ ሰውነት የሚያሸማቅቅ ጩኸት አለ። ሮላንድ በየቃለ ምልልሱ «የራሴ ጉሮሮ ነው፤ ደም እስክተፋ ጮኼ የቀዳሁት» ይል ነበር።

ባንዱ ተበትኖ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ለአንድ ትልቅ ኮንሰርት እንደገና ተሰባሰበ። ሮላንድ የሞተው በመጀመሪያው ልምምድ ላይ ነው። በሰዓቱ ከእሱ ሌላ አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ኦፌሊያ በቀድሞው የፎርማን ክፍል አንድ በአንድ አስጠራቻቸው።

መጀመሪያ የገባው የድምፅ ባለሙያው ዌንደል ፕሩት ነው።

«ስፖንጁን ጠዋት ያለበስኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሮላንድ ሲዘፍን ማይክሮፎኑን ሊውጠው ነው የሚመስለው። ድሮም ይነዝረው ስለነበር እጠነቀቅለታለሁ።»

«የጊታሩ ማጉያስ?»

«ከፍቼ አየሁት። የመሬት ሽቦው ተቆርጧል፤ ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ ደግሞ ከብረቱ ሳጥን ጋር ተያይዟል። ያንን ጊታር ይዞ ማይክሮፎኑን በከንፈሩ የነካ ሰው አለቀለት። በራሱ የተበላሸ ነገር አይደለም፤ ሰው ነው የሠራው።»

«አንተ ትችላለህ?»

«ዓይኔን ጨፍኜ! ግን እዚህ ማቅለጫ የሠራ ሁሉ ይችላል። ሽቦ ስንቀጥል ነው ያደግነው።»

ጊታሪስቱ ዞራን ሚሊች ወንበሩን እያንቋቋ ተቀመጠ።

«ማጉያው የኔ ነው፤ አዋስኩት። ተጣልተናልም። ዜማውን የደረስኩት እኔ፣ ስሙን የወሰደው እሱ! ግን ልግደለው ብል በራሴ ማጉያ እገድለዋለሁ? ጅል እመስልሻለሁ?»

«ትንሽ።»

ዞራን ሳይወድ ሳቀ። ወዲያው ፊቱ ተመልሶ ጠቆረ።

«መቼ ነው የወደቀው?» አለችው።

«ያ የራሱ ጩኸት ከቴፑ ሲወጣ። አብሮ ሊጮህ አፉን ማይክሮፎኑ ላይ ለጠፈ፤ ከዚያ መንዘፍዘፍ ጀመረ። ትርኢት የሚያሳይ መስሎኝ መጫወቴን ቀጠልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

ቤዝ ጊታር የምትጫወተው ጃኒን ታልበርት እጆቿን አጣምራ ገባች።

«ወንድሜ ሎኒ እዚሁ ነው የሞተው» አለች፣ ሳትጠየቅ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። መጭመቂያው በላው። ከርቲስ ሰክሮ፣ ሰው ይኑር አይኑር ሳያይ ማሽኑን አስነሳው። ያየውም ፍርድ ቤት የመሰከረውም ሮላንድ ነው። የወንድሜን ሬሳ ሣጥን ከፊት ሆኖ የተሸከመልኝም ሮላንድ ነው።»

«ከርቲስስ?»

«አመነ፤ ታሰረ።»

«ታዲያ ከእሱ ጋር እንዴት ትጫወቻለሽ?»

«ጀርባዬን ሰጥቼው።»

«ሮላንድ ሲወድቅ ምን አየሽ?»

«ምንም። ያ ጩኸቱ ሲመጣ ሁልጊዜ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሮላንድ ምን አስቦ እንደዚያ እንደጮኸ እንጃለት።»

በመጨረሻ ከበሮ መቺው ከርቲስ ሆሎዌል ገባ። በሩን የሚሞላ፣ ድምፁ ግን የማይሰማ ሰው ነው።

«እንዴት ወደቀ?»

«የልጁ ጩኸት ሲጀምር ሮላንድ አፉን ከፈተ። ከዚያ ተንፈራገጠ፤ ወደቀ።»

«አዘንክ?»

«እኔ ከበሮ ነው የምመታው፣ መርማሪ። ስለ ሐዘን ሌላ ሰው ጠይቂ።»

ኦፌሊያ ሸኘችው። ከዚያ ወደ መድረኩ ሄዳ በትልቁ ከበሮ የፊት ቀዳዳ እጇን አስገባች። ድምፁን ለማፈን የተቀመጠውን ትራስ ነካች፤ ከትራሱ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር።

ሁሉም በመድረኩ ዙሪያ እንዲቀመጡ አደረገች።

«ማጉያውን ያበላሸ ሰው ማንን ሊገድል ፈለገ?» አለች። «ባለቤቱን ዞራንን? አይደለም። ዞራን አይዘፍንም፤ ከንፈሩ ብረት አይነካም። ደግሞ የሮላንድ ስፖንጅ ተነስቷል። ስለዚህ የታሰበው ሮላንድ ነው።» ጥቁሩን ስፖንጅ ከኪሷ አወጣች። «ከትልቁ ከበሮ ውስጥ ነው ያገኘሁት።»

«ማንም ሊከተው ይችላል!» አለ ዞራን።

«ልክ ነህ። በዚህ ብቻ ሰው አልከስም። ግን ዞራንም ጃኒንም ስለ ጩኸቱ ስትናገሩ ሮላንድ እንደጮኸው አድርጋችሁ ነው። አልበሙ ሲቀዳ ሮላንድ ከሁላችሁም በዕድሜ ትልቅ ነበር። አንድ ሰው ግን ‹የልጁ ጩኸት› አለኝ። የየትኛው ልጅ?» ወደ ዌንደል ዞረች። «የድሮዎቹን ቴፖች ማን ሰማቸው?»

«አልበሙ እንደ አዲስ ሊወጣ ስለሆነ ገለበጥኳቸው፤ እስከ መጨረሻው ግን አልሰማሁም። ከበሮውን አጣርቶ እንዲያዳምጥልኝ… ለከርቲስ ሰጠሁት።»

«አጫውተው።»

የመጭመቂያው ጩኸት አዳራሹን ሞላው። ከውስጡ የወጣት ድምፅ ተሰማ፦ «ሮላንድ! እጄ ገብቷል! አጥፋው!» ከዚያ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ያ ጩኸት። ቀጥሎ ከመቅጃው አጠገብ የሮላንድ ድምፅ፣ በእርጋታ፦ «ቆይ… ቆይ… እየተቀዳ ነው።» ጩኸቱ እየደከመ ሄዶ ጠፋ። ማሽኑም ቆመ። ብዙ ዝምታ፣ የእግር ኮቴ፣ ከዚያ ከሩቅ፦ «ከርቲስ! ተነስ አንተ ሰካራም! ምን አደረግክ?»

ዌንደል አጠፋው። ጃኒን አፏን በሁለት እጇ ይዛለች።

«አንተ ነህ ያስነሳኸው አለኝ፤ አመንኩት» አለ ከርቲስ ወለሉን እያየ። «እስር ቤት ሆኜ ሌሊት ሌሊት ያንን ልጅ ይቅር በለኝ እለው ነበር። ከወጣሁ በኋላም እናቱ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ፊቴ ላይ ስትተፋ አልጠረግኩትም፤ ይገባኛል ብዬ። እሱ ግን ያንን ጩኸት በየከተማው እየዞረ ዘፈነበት። ዛሬም ሊዘፍንበት ነበር። እኔ ደግሞ ዘፈን እያለ በሚያላግጥበት በዚያ ጩኸት ላይ ይሙት አልኩ።»

ጃኒን ተነስታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ሎኒ ከሞተ ወዲህ ዓይኑን ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

«ለምን አልጠራኸኝም?» አለችው።

«አንቺም እንዳትታሰሪ።»

«ሽቦውን እኔ እቆርጠው ነበር፣ ከርቲስ። በጥርሴ እቆርጠው ነበር።»

ኦፌሊያ ካቴናውን አወጣች። «ያልሽውን አልሰማሁም፣ ጃኒን። ተቀመጪ።»

ከርቲስ ሳይጠየቅ እጆቹን ዘረጋ። ብረቱ ሲቆለፍ ትከሻው ቀና አለ።

«በደንብ ጻፊው፣ መርማሪ» አላት። «የዛሬውን የገደልኩት እኔ ነኝ። የዛሬውን ብቻ።»