ተንጠልጥሎ የቀረ ወንጭፍ

«ቀጥይ እንጂ ናጅዋ፤ ምነው አቆምሽ?» አሉ መምህር በላይ።

ያቆመችው ሐቢባ ስለሳቀች ነበር። ናጅዋ ጓደኛዋን ገላምጣት ንባቧን ቀጠለች። የአማርኛ መምህራቸው «ሁኔታ የለወጠው ሰው» በሚል ርእስ አጭር ልቦለድ እንዲጽፉ አዝዘው ነበር፤ እሷ ደግሞ የምትጽፍበት ሰው አላጣችም። ስሙን ብትቀይረውም፣ የታሪኳ ከሃዲ የጎረቤቷ ልጅ ፍቅሩ መሆኑን ክፍሉ በሙሉ ያውቃል።

የሁለቱ ቤተሰቦች ማሽላ ድንበርተኛ ነው። እሷ የጠዋት፣ ፍቅሩ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች ስለሆኑ፣ በአንድ ማማ ላይ ወፍ የሚጠብቁት እየተፈራረቁ ነበር፤ ከንጋት የምትጀምረው ናጅዋ ትምህርት ቤት ስትሄድ ለፍቅሩ ታስረክባለች፣ ቀትር ላይ ስትመለስ ደግሞ ከእሱ ትረከባለች። ባለፈው ሳምንት ግን በፍቅሩ ተራ የግሪሳ መንጋ ባዶ ማማ አግኝቶ፣ የናጅዋን አባት ማሳ ገለባ አድርጎት ሄደ። «ከእነሱ ጋር ጥበቃ አበቃ!» አሉ አባቷ። ፍቅሩም የእናቱን ማሳ ከንጋት እስከ ማታ ብቻውን ሲጠብቅ ትምህርቱን አቋረጠ።

ይበለው! እያለች ነበር ታሪኩን የጻፈችው።

«…ከሃዲው ዘግይቶ ማማው ላይ ሲወጣ፣ ወንጭፉ ከቋሚው ላይ ተንጠልጥሎ ጠበቀው፤ ማሽላው ግን አልጠበቀውም።»

«ብዕርሽ ያምራል» አሉ መምህሩ። «ግን ይህ ልጅ መጀመሪያ መልካም ነበር። በመካከል ምን አገኘው? በልቦለድ ውስጥ ሰው ያለ ምክንያት አይለወጥም።»

«ምንም አላገኘውም! ከሃዲ ስለሆነ ነዋ!»

«ቲቸር» አለች ሐቢባ እጇን አውጥታ፤ እሷም የገበሬ ልጅ ናት። «ወንጭፉን ማን ሰቀለው?»

በአካባቢያቸው፣ በቀወት ወረዳ ቀበሌዎች፣ ተረኛ ወንጭፍ ሰቅሎ አይሄድም። ተቀባዩ እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል፤ በእጁ ያስረክበዋል። ከዚያ በኋላ ተጠያቂው የተቀበለው ነው።

«ሙድ አትያዢብኝ!» ናጅዋ ጮኸች።

«ኧረ ሙድ አይደለም። በእጁ ከሰጠሽው ማን ሰቀለው?»

ግሪሳ በወረደበት ዕለት ጠዋት፣ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት ባጃጅ ከመንገድ ዳር ጥሩምባውን ሲያስጮህ ትዝ አላት። ፍቅሩ ዘግይቶባት በግና ነበር፤ ወንጭፉን ሰቅላ ሮጠች። ማታ አባቷ ሲቆጡ ደግሞ «በእጁ አስረክቤዋለሁ» የሚለው ቃል ሳታስበው ከአፏ አመለጠ። ለምን እንደዘገየ እስከ ዛሬ አልጠየቀችውም። አሁን በሐቢባ ላይ የነደደው እሳት የሚበላው ራሷን ሆነ።

ቀትር ላይ ማማው ላይ ስትወጣ ፍቅሩ ፊቱን አዞረባት።

«ልትሰድቢኝ ከሆነ እዚያው ታች ሆነሽ ስደቢ።»

«ወንጭፉን ስጠኝ። ክፍል ሳይጀመርብህ ሂድ።»

«ደግመሽ ልትሰቅይው?» አለ ፍቅሩ። «መጀመሪያ ለአባትሽ ንገሪ። ያኔ በእጅሽ እሰጥሻለሁ።»

ፍቅሩ ለወንጭፉ ድንጋይ አጉርሶ አሽከረከረና ለቀቀው። ወፎቹ ግር ብለው ተነሡ።

ከማሳው ማዶ አባቷ፣ ግሪሳ የጨረሰውን አገዳ ለከብት ያጭዳሉ። ናጅዋ ከማማው ወረደች። ንዴቷ አልበረደም፤ ቢሆንም ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ትታ አገዳው መካከል ገባች።

«አባ» አለች፣ «ማጭዱን አንዴ ያስቀምጡልኝ።»