ፀጉር ልተክል ተላጨሁ

ይሄ እውነት ነው። ብታምኑኝ ደስ ይለኛል፤ ባታምኑኝም አልከራከርም። መከራከር ደክሞኛል።

አስፈሪ ነገር የሚሆነው በሌሊት ነው ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም። የኔ የጀመረው ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ጢም ብሎ በሞላበት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ደምበጫን አልፈን ወደ ፍኖተ ሰላም እየተጠጋን ነበር።

ሰዓቱን ያዙልኝ። ስምንት ሰዓት...

ይታገሱ እባላለሁ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ፍኖተ ሰላም ጂኦግራፊ አስተምራለሁ።

ፀጉሬ መሸሽ የጀመረው አባቴ ቄስ ወልደ ሥላሴ ባረፉበት ዓመት ነው። እንደ አገሩ ደንብ በምላጭ ተላጨሁ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የኋላው ተመልሶ በቀለ፤ የፊቱ ግን እንደሄደ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ ከኮፍያ ጋር ሆነ። የባጃጅ ልጆች «ፋዘር፣ ግቡ» ይሉኛል። ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ስዞር ተማሪዎቼ ይስቃሉ። እጮኛዬ ያምሮት «ለእኔ ግድ የለኝም» ትላለች፤ ግን አብረን የተነሳነውን ፎቶ ስትለጥፍ ሁልጊዜ ከቅንድቤ በላይ ተቆርጧል።

ቅባት ቀባሁ። ሽንኩርት አሸሁ። በመጨረሻ ሰለቸኝና አዲስ አበባ ሄጄ ፀጉር ለማስተከል ወሰንኩ።

ለእናቴ ግን «ስልጠና ነው» አልኳት። እናቴ አልጣሽ ከጅጋ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ገጠር ብቻዋን ትኖራለች። ደም ግፊት አለባት። ልጇ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ የሚያስደነግጣትን ነገር አልነግራትም።

ክሊኒኩ ውስጥ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ሙሉ በሙሉ መላጨት ነው። ነርሷ ማጅራቴ ላይ ስትደርስ መላጫ ማሽኑን አቆመችው።

«ይህቺ ነጭ ነገር ምንድን ናት?»

«የተፈጥሮ ናት።»

ማጅራቴ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ነጭ ፀጉር አለችኝ። ዙሪያዋ ጥቁር ነው፤ እሷ ብቻ እንደ ጥጥ ነጭ።

የተላጨውን ፀጉር እንድትሰጠኝ ጠየቅኳት። እናቴ «ፀጉርህን ሰው ቤት ጥለህ እንዳትመጣ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ነርሷ ሳቀችብኝ። ጠራርጋ ቢጫው ቅርጫት ውስጥ ከተተችው። ክዳኑ ሲዘጋ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይሄንንም ያዙልኝ።

ከዚያ ከኋላ እየነቀሉ ከፊት ሲተክሉ ዋሉ። ዘጠኝ ሌሊት ተቀምጬ ተኛሁ። ኮፍያ አይደረግም፤ አይታከክም፤ ፀሐይ አይነካውም። በአሥረኛው ቀን መንገድ ተከፍቷል ሲባል ተሳፈርኩ። ግንባሬ ቅርፊት በቅርፊት ነው፤ ከዚያ በላይ ምንም የለም።

አጠገቤ ቡሬ የሚወርዱ አሮጊት ተቀምጠዋል። ከአባይ በረሃ ጀምሮ ራሴን ሲያዩ ነው የመጡት። ደምበጫን ስናልፍ ግን መቻል አቃታቸው።

«ልጄ... ማን ሞተብህ?»

እኛ አገር የተላጨ ሰው ሐዘንተኛ ነው። ይሄ ጠፍቶኝ አይደለም። አሥር ቀን ሙሉ ማንም ስላልጠየቀኝ ረስቼው ነው።

«ፀጉር አስተክዬ ነው» ማለት ነበረብኝ። ግን አውቶቡሱ ሁሉ ሊሰማ ነው። ለእሳቸውስ ምን ብዬ ላስረዳቸው? ደክሞኝ ነበር።

«ወንድሜ» አልኩ።

ወንድም የለኝም። የመረጥኩትም ለዚያ ነው። የሌለ ሰው ቢሞት ማን ይጎዳል ብዬ...

«ታላቅህ ነው ታናሽህ?»

«ታላቄ።»

«ስሙስ?»

«ገነነ።»

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። በዚህ ስም የማውቀው ሰው የለም። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

አሮጊቷ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና አለቀሱ። የእውነት ነው ያለቀሱት። «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» አሉ። እኔ አፍሬ የማየው ሳጣ ሰዓቴን አየሁ።

ስምንት ሰዓት።

ፍኖተ ሰላም ስወርድ እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

«እናትህን ብቻዋን እንዳታስለቅሳት» አሉ በሹክሹክታ።

እናት አለችኝ አላልኳቸውም...

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። እኔም ሲነጋ ይቀለኛል ብዬ ተኛሁ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ለራሴ ጃንጥላ ልገዛ ወጣሁ። መንገድ ላይ አንድ ሰው በስሜ ጠራኝ። ጋሸ ስመኘው ናቸው፤ የእናቴ ጎረቤት። ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ እግራቸው አቧራ ለብሷል።

«እግዜር ያጥናህ» አሉኝ። «መርዶ ልነግርህ ነበር አመጣጤ። ለካ ሰምተሃል... ተላጭተሃል።»

ክንዳቸውን ያዝኩ።

«እናቴ?!»

«ኧረ እናትህስ አለች። የወንድምህ ነው እንጂ።»

«የቱ ወንድሜ?»

ግንባሬን አዩት። ቅርፊቱን አዩት። ሐዘን ያናወዘው ሰው መስያቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የገነነ ነዋ።»

...

መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ።

«እናትህ ተላጭታ መሬት ላይ ተቀምጣለች» አሉ ጋሸ ስመኘው። «እህል አልቀመሰችም። ኪኒኗንም አልውጥ ብላለች። ቶሎ ካልደረስህላት ሁለት ለቅሶ ነው የሚሆንብህ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ትናንት። ስምንት ሰዓት ቢሆን ነው።»

ገጠሩ ስልክ ከተቋረጠበት ሳምንት አልፎታል። አሮጊቷ ቡሬ ናቸው። ታዲያ ወሬው በምን እግሩ ቀደመኝ?

ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። አንድ ነገር ብቻ ነው የገባኝ። ውሸቴ እናቴን እየገደላት ነው። ደርሼ እውነቱን ካልነገርኳት ትሞትብኛለች።

በሚኒባስ ጅጋ ወረድን። በየሱቁ ደጃፍ የተቀመጡ ሰዎች ራሴን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉልኝ። ማንም «ማን ሞተብህ?» አላለኝም...

በእግር ተጓዝን። ፀሐይ አናት ላይ ናት። ጃንጥላውን ሳልገዛው ቀርቻለሁ። የተተከለልኝ ፀጉር አንድ በአንድ ሲቃጠል የሚሰማኝ መሰለኝ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እናቴ በዚያ ሁኔታ ላይ ሆና ስለ ፀጉሬም አስብ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ግቢያችን በሰው ተሞልቷል። የእናቴ ንስሐ አባት፣ አባ ገብረሰንበት፣ በር ላይ ተቀበሉኝ። ግንባሬን በመስቀላቸው ነኩት።

«እንዲህ ራስህን አትቦጫጭር ልጄ» አሉኝ። «ሐዘንም ልክ አለው።»

«አባ፣ እኔ እኮ...»

«አይዞህ። ግባ።»

እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ራሷ ነጭ ሆኖ ያበራል። የራሷን ቆዳ ያየሁት አባቴ የሞቱ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ ጎረቤት ነበር በየቦታው እየቆራረጠ የላጫት። አሁን አንድ ጭረት እንኳ የለባትም።

እየተወዛወዘች ታንጎራጉራለች።

«ሳላዝልህ ቀረሁ ጀርባዬ እንደ ቀና፤
ዛሬ አለቀስኩልህ ወንድምህ አለና።»

ጎኗ ተንበረከክሁ። አፌን ወደ ጆሮዋ አስጠጋሁ።

«እማዬ... ማነው ገነነ?»

«ታላቅህ ነዋ።»

«ታላቅ የለኝም እኮ።»

«ነበረህ» አለች። «አንተ ሳትወለድ ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ኖረ።»

ከዚያ በሹክሹክታ ነገረችኝ። ልጁ የሞተው ለክርስትናው አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ያልተጠመቀ ስለሆነ ፍትሐት ሳይደረግለት ቀረ። ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ከጓሮ፣ ከግራዋው ሥር ተቀበረ።

«አባትህ ቄስ ነበሩ። አታልቅሺ አሉኝ። አትላጪ አሉኝ። እሺ አልኩ... ሠላሳ ዓመት እሺ እንዳልኩ ነው።»

ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከንፈሯ ደርቋል። ኪኒኗ እንደታሸገ አጠገቧ ተቀምጧል። አሁን ካልነገርኳት መቼም አልነግራትም ብዬ ደፈርኩ።

«እማዬ፣ ዋሽቼ ነው። ፀጉር ላስተክል ነው የተላጨሁት። አውቶቡስ ላይ ሰው ሲጠይቀኝ አፍሬ ‹ወንድሜ ሞተ› አልኩ። ስሙንም ዝም ብዬ ነው ያልኩት። ማንም አልሞተም። በእናትሽ፣ ተይው።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም።

«ስሙን ለማንም ነግሬ አላውቅም» አለች። «ለአባትህም። በሆዴ ነው ያወጣሁለት።»

...

«ይታገሱ... እስከ ትናንት ድረስ ‹ወንድሜ› ያለው ሰው አልነበረም። በውሸትም ቢሆን አንተ አልከው። አታፍርስብኝ።»

እኔ እንግዲህ ያን ያህል መንገድ የመጣሁት ለማፍረስ ነበር።

«ኪኒንሽን ዋጪና አላፈርስም» አልኳት።

ዋጠች። ቆሎም ቀመሰች። እኔም ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሰው እየመጣ «እግዜር ያጥናህ» አለኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ... ከዚያ በኋላ ሳላውቀው እያለቀስኩ ነበር። ለማን እንደማለቅስም አውቅ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ለቀስተኛው ቀለል ሲል የከነከነኝን ጠየቅኋት።

«እማዬ... ማን ላጨሽ?»

ደነገጠች። እንዳልጠይቃት ስትፈራ የቆየች ይመስላል።

«በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ስነቃ ራሴ ቀዘቀዘኝ። ስዳብሰው... የለም። ምላጭ ሲነካኝ አልሰማሁም። በቃ፣ ተፈቀደልኝ ማለት ነው አልኩና ጮህኩ።»

«ፀጉርሽስ?»

«ፈልጌ አጣሁት።»

ተያየን። ሁለታችንም አንድ ቦታ አሰብን።

ደግፌያት ወደ ጓሮ ዞርን። ፀሐይዋ ገና አልገባችም፤ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታያል። ግራዋው ሥር ለማንም የማይታወቅ፣ ሣር የሸፈነው ትንሽ ጉብታ አለ። በልጅነቴ ላዩ ላይ ተቀምጬ ተጫውቻለሁ።

የእናቴ ፀጉር ጉብታው ላይ ነው። ነጭ፣ ረጅም፣ ተሰብስቦ የተቀመጠ።

ከጎኑ ደግሞ ሌላ ፀጉር አለ።

ጥቁር ነው። የወንድ ፀጉር ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁት። መሀሉ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ነጭ...

እጄ ሳላዘው ማጅራቴን ነካ።

«የኔ ነው» አልኩ። «አዲስ አበባ የተላጨሁት ነው።»

«የሱ ነው» አለች እናቴ። «ሲወለድ ማጅራቱ ላይ ነጭ ነበረችው። ያንተን ሳይ ሁልጊዜ የማስታውሰው እሱን ነበር።»

«እማዬ፣ የኔ ነው!»

«የሱ ነው አልኩህ።»

ሁለት መላጦች በሚዶ ይጣላሉ የሚባለውን አስታወስኩ። መሳቅ ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። ሁለቱንም ፀጉር እንደነበረ ትተን ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫንንበት። ድንጋዩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ለአንድ ሰው የሚከብድ ድንጋይ ነው።

ይሄ ከሆነ ስድስት ወር አልፎታል። እናቴ ደህና ናት፤ ኪኒኗን ትውጣለች፤ ግፊቷም ወርዷል። የእሷ ፀጉር እስካሁን አልበቀለም። የኔ ግን ሐኪሙን እስኪገርመው ድረስ በቅሏል። የባጃጅ ልጆች «ፋዘር» ማለት ትተዋል። ያምሮትም ፎቶውን ሙሉውን ለጥፋለች። ሰው «ወንድም አለህ?» ሲለኝ «ነበረኝ» እላለሁ። ውሸት ይሁን እውነት አላውቅም፤ መለየትም ደክሞኛል።

የረቡዕ ጠዋቱን ግን ለያምሮትም አልነገርኳትም።

ድንጋዩን በጫንንበት ማግስት፣ ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ወደ ከተማ ከመመለሴ በፊት ብቻዬን ወደ ጓሮ ዞርኩ።

ድንጋዩ ተነስቶ በወጉ ግራዋው ላይ ተደግፏል።

ፀጉሩ ጉብታው ላይ ነው። ግን ትናንት እንደተውነው ሁለት ቦታ አልነበረም።

የእናቴ ነጭና ያ ጥቁሩ... አንድ ላይ ተጎንጉነዋል። ጥብቅ ተደርጎ፣ አንዲት ዘለላ ሳታመልጥ፣ ጫፉ አጠገብ እስኪደርስ።

ጫፉ ግን ገና ተጎንጉኖ አላለቀም ነበር።