ሁለት ሆኖ የወጣው ወንበር

«ደግሞ ይሄ ወንበር» አለ አባቷ፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ወርወር እያደረገ።

ድንቢጥ በትከሻው በኩል ስክሪኑን አየች። በቅጥነቷ የተነሳ ቤት ውስጥ ስሟ ድንቢጥ ነው። ስክሪኑ ላይ የእናቷ የስፌት ክፍል ወለል ብሎ ይታያል፤ የስፌት መኪናው፣ መቀሱ፣ አንድ እጅጌ የቀረው ሰማያዊ ቀሚስ። ወንበሩ ብቻ ሁለት ሆኖ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ደብዝዟል።

አባቷ ፕሮግራመር ነው። አለቃ የለውም፤ ቢሮውም መኝታ ቤቱ ነው። አዲስ ቴክኖሎጂ ካየ መቼም አያስችለውም። የሰሞኑ አባዜው በስልክ የተነሱ ፎቶዎችን አገጣጥሞ፣ ስክሪን ላይ ዞር ዞር የሚባልበት ክፍል መሥራት ነው። ብርሃኑ እንዳይለያይ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ብቻ ያነሳል፤ ዛሬ አንዱን ጥግ፣ ነገ ሌላውን። ክፍሉ ውስጥ ታዲያ አንዲት ነገር ንቅንቅ ማለት የለባትም። ከነገ ወዲያ፣ ቅዳሜ፣ አክስቷ መጥታ የስፌት መኪናውንም ወንበሩንም ትወስዳለች።

አሥር ሰዓት ግን የእግር ጉዞ ሰዓት ነበር። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሰዓት ሰሌዳ የጻፈችው እናቷ ናት፣ ሆስፒታል ልትገባ ሰሞን። ከሦስት እስከ ስድስት ሥራ። ስድስት ተኩል ምሳ፤ «ኪቦርዱ ላይ አይደለም» የሚል ተጨምሮበታል። አሥር ሰዓት፦ «ሁለታችሁም ከቤት ውጡልኝ።»

ካረፈች አራት ወሯ ነው። ይሄ ፎቶ የሚባል ነገር ከመጣ ወዲህ ምሳውንም ጉዞውንም ውኃ በላው። አባቷ ደንበኞቹ ሲደውሉ አያነሳም። አገጩ ሾሏል።

«ኮዴ ነው የተበላሸው» አለ። «በቃ፣ ከዜሮ እጀምረዋለሁ። ድንቢጤ፣ አንቺ ወንበሩን አልነካሽውም አይደል?»

ከዚህ በፊት ሁለቴ ጠይቋት ሁለቴ ዋሽታለች። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ ድምጿን አጥፍታ ገብታ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች። ጨርቁ እናቷን እናቷን ይሸታል። ከተናገረች በሩ ይቆለፋል፤ እስከ ቅዳሜ የቀሯትን ሁለት ቀኖችም ታጣለች። የአባቷን የሾለ አገጭ አየች።

«አባዬ፣ ኮድህ ምንም አልሆነም» አለች። «እኔ ነኝ። በየቀኑ ወንበሩን ሳብ አድርጌ እቀመጥበታለሁ።»

ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች፤ አልተቆጣም። ተነስቶ ወደ ስፌት ክፍሉ ገባ፣ እሷም ተከተለችው።

«እሺ፣ እማዬ ትታው በሄደችበት ቦታ መልሺውና እንደገና እናነሳለን» አላት ቀስ ብሎ።

ወንበሩን ወደ መስኮቱ ጎተት አደረገችው። መልሳ ወደ መኪናው አስጠጋችው። እንደገና ጎተተችው።

«አባዬ፣ የት ነበር?»

የመጀመሪያ ቀን ያነሳው ፎቶ እንዳለ ነገራት። በአሉታ ራሷን ነቀነቀች። እሱ ፎቶ ሳይጀምርም በፊት፣ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ስትቀመጥበት ነበር።

አባቷ ጎንበስ ብሎ ወለሉ ላይ የወንበሩን እግሮች ምልክት ፈለገ። «እኔም አላስታውሰውም» አለና ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። እሷም አለቀሰች።

ሲበቃቸው፣ ድንቢጥ ወንበሩን ለራሷ በሚመቻት በኩል፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙራ አቆመችው። ከዚያ ከአባቷ አልጋ ሥር አቧራ የጠጣውን የእግር ጉዞ ጫማውን አወጣች፤ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና አምጥታ እግሩ ሥር አኖረችለት።

«አሥር ሰዓት ሆኗል» አለችው።