በአውራ ጣት የሚነዳው ሞተር

ሰባት ዓመት ሙሉ ሩሚያቲን ያንገበገባት ወረቀት ላይ የሰፈረ ሁለት ቃል ነው። «የነጂዋ ስህተት።»

ነጂዋ እህቷ ዊናርኒ ነበረች። የገዛችው ሞተር አዲስ ፈጠራ ነው ተብሎ የተወራለት ነበር፤ ጋዙን እንደ ድሮው እጀታ ጠምዝዘው ሳይሆን በአውራ ጣት ቁልፍ ተጭነው የሚሰጡት። በሦስተኛው ሳምንት ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ተላትማ ሞተች። ፋብሪካው መርማሪ ላከ። መርማሪው ሁለቱን ቃል ጽፎ ሄደ።

ከቂሙ ሥር ግን ሌላ ነገር አለ። የዚያን ቀን ጠዋት የኮኮናቱን ፌስታል እጀታው ላይ የሰቀለችው ራሷ ሩሚያቲ ናት። ፌስታሉ ተንሸራቶ ቁልፉን ተጫነው። ይህን ለሰው ተናግራ አታውቅም። ለእህቷ ባል እንኳ።

አሁን ቀትር ነው። ሱራባያ፣ የዓሣ ገበያው ሞተር ማቆሚያ።

ሞተሯን አቆመች። መሪውን አልቆለፈችም፤ እዚህ መሪ የሚቆልፍ ይሰደባል፤ ጥበቃው ሞተሮቹን እየገፋ ነው ቦታ የሚያበጀው። ቀይ ሄልሜቷን ስፖኪዮው ላይ ሰቀለችው። ስፖንጁ ውስጥ ጥፍር የምታክል ሚሞሪ ተሰፍታለች። የአሥራ አንድ ሙከራ ቪዲዮ ይዛለች። በአሥራ አንዱም ላይ እጀታው ላይ ዕቃ የተንጠለጠለበት ሞተር ሳይነኩት ይፈተለካል። ፋብሪካው ያውቅ ነበር። አውቆም ያንኑ ቁልፍ ስሙን ለውጦ ሰኞ ገበያ ሊያወጣው ነው።

ዓመት ተኩል «ዳርሲ» ተብላ ለፋብሪካው ሞተር ስትሞክር ኖራለች። የላካት ሰው የሚስጥር ስሙ «መረብ» ነው። «ቪዲዮውን አምጪልኝ እንጂ ለአደጋ መርማሪ መሥሪያ ቤቱ እኔ አደርሰዋለሁ። ስምሽ የትም አይነሳም» ብሏታል። ያጠመዳት ይኸው ነው። የስሟ አለመነሳት።

የሙከራ ቪዲዮዎቹ የሚቀመጡበትን ሣጥን መክፈቻ የሰጣት የሞካሪዎቹ አለቃ ፓክ ካስማን ነው። ጡረታው ስምንት ወር የቀረው፣ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዙን ሁልጊዜ ለሁለት የሚከፍልላት ሽማግሌ። በዕድሜ ልጁ ብትሆንም «ምባክ» ይላታል፣ እንደ ታላቅ እህት አክብሮ፤ እሷም «ፓክ» ትለዋለች፣ እንደ አባት።

«ፓክ፣ ይሄ አዲስ አዲሱ ነገር ግን ለነጂ ይጠቅማል?» ብላው ነበር አንድ ቀን።

«ለምን አይጠቅም! ሁለቱን ፍሬን ባንዴ የሚይዘው ማንሻ ሲመጣ ስቄበት ነበር። ስንቱን ሲያተርፍ አየሁና አፌን ዘጋሁ። ይሄኛው ግን ባዶ እጁን ለሚሄድ ሰው ነው የተሠራው። እስቲ በዚህ ከተማ ምንም ያልተንጠለጠለበት ሞተር አሳዪኝ፣ ሻይ በኔ ነው!»

በማግሥቱ «መነጽሬን ሣጥኑ ውስጥ ረሳሁት» አለችው። አንድም ነገር ሳይጠይቅ መክፈቻውን ዘረጋላት።

መረብ መጣ። እሱም ቀይ ሄልሜት አድርጓል። አጠገቧ አቆመ፤ ሞተሩን አላጠፋም።

«ዓሣው ትኩስ ነው?» አለ፤ የይለፍ ቃላቸው ነው።

«የትናንት ነው።»

«ደህና። ሄልሜት ቀያይረን እንለያይ።»

እጇን ወደ ሄልሜቷ ሰደደች። ዓይኗ ግን የሱ ሞተር እጀታ ላይ አረፈ።

የአውራ ጣት ቁልፍ።

የፋብሪካው አይደለም። ምልክቱ የሌላ ፋብሪካ ነው።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«እኛ። ታምራለች አይደል?» ሳቀ። «የነሱ የት ላይ እንደሚያስቸግር ካየን የኛን እናስተካክላለን። ቀስ ብለን፣ ከሸጥን በኋላ።»

«መርማሪ መሥሪያ ቤቱስ?»

«አይ ምባክ፣ አንቺ ደግሞ! መሥሪያ ቤቱ ካወቀማ የኛስ በምን ይሸጣል?»

«አልሰጥህም።»

«ትሰጪኛለሽ። አለዚያ ሽማግሌው መክፈቻውን ለማን እንዳዋሰ ፋብሪካው ዛሬውኑ ይሰማል።»

እጁ ፈጣን ነበር። ሄልሜቷን ከስፖኪዮው መንጭቆ ወሰደ። ሁለት እጁን ለማስለቀቅም በማሰሪያው ቀኝ እጀታው ላይ አንጠለጠለው፣ ያገሩ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው።

አየች። ማሰሪያው ቁልፉ ላይ ተቀምጧል።

«ተው!» ልትል አፏን ከፈተች።

መልሳ ዘጋችው።

ሞተሩ ተስፈነጠረ። መረብ ፍሬን ለመያዝ ሲታገል ማሰሪያው ይበልጥ ተወጠረ። በበረዶ ሣጥኖቹ መሃል ሰንጥቆ አልፎ ግንቡ ላይ ተላተመ።

«እግሬን! እግሬን!»

ጥበቃው እየሮጠ ደረሰ። «መንዳት ሳይችሉ ሞተር ይገዛሉ! የራሱ ጥፋት ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ!»

 ሩሚያቲ አንድ ቃል ብትናገር እግሩ ይተርፍ ነበር። አሁንም ጥበቃውን «አይደለም» ብትለው ይሰማታል። አላለችውም። በረዶው ላይ የተንከባለለውን ሄልሜት አንስታ ሄደች።

ድልድዩ ጋ ቆማ ደወለች።

«ፓክ፣ መነጽር አልረሳሁም ነበር። ስሜም ዳርሲ አይደለም።»

ሞተሯን አጥፍታ ቀጠለች።

«የሙከራውን ቪዲዮ ለመርማሪ መሥሪያ ቤቱ ልሰጥ ነው፤ ከየት እንዳመጣሁት ካልተናገርኩ አይቀበሉኝም። ስምዎ ሊነሳ ነው።»

«ሩዜን ሳካፍል የከረምኩት ለሌባ ነው በይኛ?»

«አዎ፣ ፓክ።»

ስልኩን ዘጋባት።

መርማሪ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንድ ቀጭን ጸሐፊ የዊናርኒን አደጋ መዝገብ ፈልጎ አገኘው። «ይሄ እኮ ከተዘጋ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ምባክ።»

«ክፈቱት።» ሚሞሪዋን ከስፖንጁ ፈልቅቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ስም ሳይጠቀስ በጥቆማ ማስገባትም ይቻላል። ግን ጥቆማ የተዘጋ ነገር አያስከፍትም። የሚያስከፍተው የዓይን ምስክር ነው።»

እስክሪብቶውን ተቀበለችው። ትምህርቷ ትንሽ ነው፤ ፊደል በፊደል ጻፈች። «ፌስታሉን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ሁላችንም እንሰቅላለን። ቁልፉን የሠሩት ይህን ያውቁ ነበር።» የካስማንን ስም ጻፈች። የመረብ እግር እንዴት እንደተሰበረና እሷ እያየች ዝም እንዳለች ጻፈች። ከሥሩ እውነተኛ ስሟን አስፍራ ፈረመች።

«ግልባጩ ለማን ይድረስ?» አላት ጸሐፊው።

እስክሪብቶውን መልሳ አነሳች።

«ለእህቴ ባል።»

አድራሻውን ጻፈችለት። የለበሰችውን የፋብሪካውን ጃኬት አውልቃ ወንበሩ ላይ ትታ ወጣች። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ማን እንዳለፈ ቀና ብሎ እንኳ አላየም።