የተመለሰችው እንግዳ

«ሰርዢው አልኩሽ! መርፌ የሚለውን ስም ከወረቀቱ ላይ አጥፊልኝ!»

ሚጡ እስክሪብቶውን እንደያዘች ቀረች። እሑድ ለሟች እናቷ መታሰቢያ ጎረቤቱ ሁሉ ሲሰበሰብ የሕይወት ታሪኳን የምታነበው እሷ ናት። አክስቷ ልብስ እየተኮሰች ታስጽፋታለች፣ ሚጡ ትጽፋለች። እስከ «ወዳጆቿ» ድረስ ደህና ሄደው ነበር።

«የእማዬ የልብ ጓደኛ ናቸው እኮ፣ እቴቴ።»

«የልብ? የሆድ በያት! ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚህ ቤት በልታ ጠጥታ፣ ሰው አልጋ ላይ ሲውል ብቅ ሳትል ቀረች። እግሯን ከስፌት መኪናው ጋር ሰፍታው ነው?»

መርፌ ልብስ ሰፊ ናት። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ይሁን በቅጥነቷ፣ እሷም አታውቀው። ሚጡ ግን አንድ ነገር ታውቃለች፤ መርፌ መጥታ ነበር።

የሚጡ እናት እንግዳ ስታይ ሕመሟን የምትረሳ ሴት ነበረች። «ደህና ዋላችሁ» ብሎ አንገቱን ያስገባ ሰው፣ አበቃለት፤ ሳይቀምስ አይወጣም። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰውዬ እንኳ ሻይ ሳይጠጣ ሄዶ አያውቅም። ሐኪሙ «እንዳትነሺ» ካላትም በኋላ ያው ናት። በሩ ሲንኳኳ ግድግዳ እየተደገፈች ትነሳና እንቁላል ትጠብሳለች። እንግዳው ሲወጣ ላብ በላብ ሆና አልጋው ላይ ትዘረራለች። «ባዶ አፉን ሸኝቼ ምን እንቅልፍ ይወስደኛል?» ትላለች።

ስለዚህ ሚጡ በር ላይ መቆም ጀመረች። ለአንዱ «ተኝታለች»፣ ለሌላው «ሐኪም ቤት ናት»።

መርፌ የመጣች ቀን በክንዷ ራሷ የሰፋችው የሌሊት ልብስ ነበር። «ሐኪም ቤት ሄዳለች» አለቻት ሚጡ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ።

«ውይ እህቴን! በይ ስትመለስ ደውዪልኝ፣ የኔ ልጅ። ለክቼ አስተካክልላታለሁ» ብላ ልብሱን እንዳቀፈች ተመለሰች።

ሚጡ አልደወለችም። እናቷ በሳምንቱ፣ «መርፌ አልመጣችም?» ብላ ስትጠይቃትም፣ «አልመጡም» አለች።

«ሥራ በዝቶባት ነው። ስትመጣ የሚቀርብላት ነገር አይጥፋ እሺ?» አለች እናቷ። በማግስቱ አረፈች።

እናቴን ላሳርፋት ብዬ ነው፣ ትላለች ሚጡ ለራሷ፣ ሌላ ጊዜ። ዛሬ ግን እሱም አልዋጥ አላት። መርፌ የመጣች ቀን እናቷ በርታ ብላ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ሚጡን ያስመረራት ከጠዋት ጀምሮ የተቆለለው ሳህን ነው። ሌላ እንግዳ ማለት ሌላ ሳህን ማለት ነው።

«እቴቴ» አለች። «መጥተው ነበር። እማዬ ቤት እያለች የለችም ብዬ የመለስኳቸው እኔ ነኝ።»

ካውያው ቀሚሱ ላይ ቆመ። የሚያር ጨርቅ ጠረን ሲሸታት ነው አክስቷ ብድግ ያደረገችው።

«እናትሽስ?»

«አልመጡም አልኳት።»

አክስቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «በይ እንግዲህ ስሟ ይቆይ» አለች አክስቷ። «ሌላውን ግን ዋጥ አድርጊው። ሙት አይጠይቅሽ፣ መርፌ አታውቅ። ምኑን ታካብጂዋለሽ?»

«ሰፈሩ በሙሉ እኮ እሳቸውን እያማ ነው። አንቺም ጭምር።»

«ሐሜት ጉም ነው፣ ይበናል።»

ሚጡ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረች። ከመርፌ ስም ቀጥሎ አንድ መስመር ጨመረች፦ «እናቴን ሊጠይቁ መጥተው፣ በውሸት ከበር የመለስኳቸው እኔ ነኝ።»

አክስቷ በትከሻዋ በኩል አነበበችው። «ይሄንን ሰው ፊት ልታነቢው?»

«መጀመሪያ ለሳቸው ልንገራቸው» አለችና ጫማዋን ፈልጋ ማሰር ጀመረች።

«መርፌ ‹እህቴን እንዳላያት የከለከልሽኝ አንቺ ነሽ› ብላ ብትረግምሽስ?»

የሚጡ ጣቶች ክሩ ላይ ቆሙ። ይህንን አላሰበችውም ነበር።

«ይርገሙኝ» አለች፣ ቋጠሮውን እያጠበቀች።