በፊቴ ቀርበዋል

አላምንም የምትሉ ካላችሁ አልፈርድባችሁም። እኔም ውሸት በሆነልኝ ብዬ ስንት ቀን ተመኝቻለሁ።

ግን ሆኗል። በኔው ላይ ነው የሆነው።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ። ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ... ካሊፎርኒያ፣ ከተርሎክ ወጣ ብሎ፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ዴልሚራ እባላለሁ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ኖታሪ ነበርኩ።

"ነበርኩ" ያልኩት ተሳስቼ አይደለም።

የኖታሪ ሥራ ቀላል ነው። ሰው ሰነድ ሲፈርም ፊቱን ታያለህ፣ መታወቂያውን ታያለህ፣ ደብተርህ ላይ ትመዘግባለህ፣ ማህተም ትመታለህ። ግዛቱ የሾመህ እንድታይ ነው። በቃ፣ ማየት!

እኔ ግን ማየት አቃተኝ።

የምሠራበት የአይብ ፋብሪካ ቢሮ ሠራተኛ ሲቀንስ እኔንም ቀነሰኝ። ቤት መዋል ሲሰለቸኝ የኖታሪነት ኮርስ ወሰድኩ። ፈተናውን መጀመሪያ ወደቅኩ፣ በሁለተኛው አለፍኩ። ቃለ መሐላ ፈጸምኩ። ማህተም አሠራሁ።

አስተማሪያችን አንድ ነገር ደጋግሞ ነግሮናል።

"ሌላው ሁሉ ቢጠፋባችሁ ይቺን አትርሱ። ፈራሚው በአካል ፊታችሁ ካልቀረበ ማህተማችሁን ከቦርሳ አታውጡ። ቄሱም ቢሆኑ፣ እናታችሁም ብትሆን!"

በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበት ነበር። ሁለት ጊዜ።

ከዚያ ቢዝነስ ካርድ አሳትሜ ልብስ ማጠቢያው ቤት፣ ዳቦ ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለጠፍኩ። ሁለት ወር ሙሉ ስልኬ ጭጭ አለ።

ዱዋርቴ የደወለው ያኔ ነው።

ዱዋርቴ የኛ የፖርቹጋሎቹ አዳራሽ ሊቀ መንበር ነው። ዓመታዊውን ክብረ በዓል የሚያዘጋጀው እሱ ነው። እሱ "እሷ ጋ ሂዱ" ካለ አገሩ በሙሉ ይመጣል፣ "ተዋት" ካለ ደግሞ አለቀልህ።

"አክስቴ ቤቷን በስሜ ልታዞር ነው" አለኝ። "ዛሬ ብትመጪ ከነገ ጀምሮ የአዳራሹን ሰው ሁሉ አንቺ ጋ እልካለሁ።"

አክስቱ እትዬ ኦሊንዳ ናቸው።

የክርስትና እናቴ።

እኛ የፖርቹጋልን ደሴቶች ጥለን የመጣን ሰዎች፣ ክርስትና እናታችን ቤት ገብተን "ይባርኩኝ" ሳንል አንወጣም። እሳቸውም "እግዚአብሔር ይባርክሽ" ብለው ግንባሬ ላይ መስቀል ያደርጋሉ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው።

ደረስኩ። በሩን ዱዋርቴ ከፈተልኝ።

በዚያ ፀሐይ መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል።

ጠረጴዛው ላይ የእትዬ ኦሊንዳ መነጽር ተቀምጧል። ያለ መነጽር የገዛ ስማቸውን እንኳ አያነቡም። ከአጠገቡ ወረቀቱ አለ... ተፈርሞ ያለቀ። ፊርማው ቀጥ ያለ። የእትዬ ኦሊንዳ እጅ ግን ይንቀጠቀጣል።

"ኢልዳስ?" አልኩት። ኢልዳ ልጃቸው ናት፤ አብራቸው ነው የምትኖረው፤ የምታስታምማቸውም እሷ ናት።

"ሥራ ናት" አለ በሹክሹክታ።

"እትዬስ?"

"ተኝታለች።"

"ልቀስቅሳቸዋ..."

"ተያት። ሌሊቱን አልተኛችም።"

"ዱዋርቴ፣ በፊቴ መቅረብ አለባቸው እኮ።"

"ወይ አንቺ! ፈተና ላይ ያለሽ መሰለሽ? ክርስትና ያነሳችሽን ሴትዮ መታወቂያ አምጪ ልትያት ነው?"

ሳቅኩ። አዎ፣ ሳቅኩ! አፈር ልብላ።

"ደብተሩ ላይም ይፈርማሉ" አልኩ ድምፄን ቀንሼ። "የቤት ጉዳይ ሲሆን ደግሞ የቀኝ አውራ ጣት አሻራ ግድ ነው።"

"አምጪው እኔ አስነካታለሁ።"

ደብተሬን ሰጠሁት። ከኔ እጅ መውጣት የሌለበትን ደብተር... ከነቀለሙ።

ወደ መኝታ ቤቱ በር ሄደ። ያኔ ነው ያየሁት።

በሩ መቀርቀሪያ አለው። አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ።

በውጭ በኩል።

ቀስ ብሎ ሳበው። ገባ። ዘጋው።

ጆሮዬን አቆምኩ... የሰው ድምፅ የለም። አልጋ አይንቀሳቀስም። አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ እጁን በመሐረብ እየጠረገ ወጣና ደብተሩን ዘረጋልኝ።

የፊርማው ቦታ ተፈርሟል። በአሻራው ሳጥን ውስጥ አሻራ አለ። ጥርት ያለ፣ መስመሮቹ የሚቆጠሩ።



እትዬ ኦሊንዳ ቀኝ አውራ ጣት የላቸውም።

እኔ ሳልወለድ ነው የኮክ ፍሬ ማሸጊያ ፋብሪካ ማሽን የቆረጠባቸው። ጉቶ ብቻ ነው ያለው። በዚያች ጉቶ ነው ግንባሬን ሲያማትቡኝ የኖሩት። አውቃታለሁ! ለስላሳነቷን፣ ሙቀቷን አውቃታለሁ።

ዱዋርቴ አየኝ። እኔም አየሁት።

"ምነው?" አለኝ። "ጎደለ?"

አንዲት ቃል ነበረች የሚጠበቅብኝ።

"አልጎደለም" አልኩ።

ማህተሙን አወጣሁ። በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ "በፊቴ ቀርበዋል" በሚለው ስር ፈረምኩ። መታሁት።

ቦርሳዬን ስዘጋ...

ከበሩ ጀርባ ድምፅ መጣ። ደካማ ነው፣ ግን የነቃ ሰው ድምፅ ነው።

"ዴልሚራ... አንቺ ነሽ?"

ዱዋርቴ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

"ልጄ... ሳትባረኪ ልትሄጂ ነው?"

ጫማ ጫማዬን አየሁ። ከዚያ በእግር ጣቴ፣ እንደ ሌባ፣ ወጣሁ።

በማግስቱ ኢልዳ ሥራ ላይ ሳለች፣ የት እንደሆነ እንኳ ሳይነግራት፣ ዱዋርቴ እትዬን ራቅ ያለ የአረጋውያን ማቆያ አስገባቸው። በዘጠነኛው ቀን ሞቱ።

ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆምኩ።

ከሳምንት በኋላ ኢልዳ ቤቴ መጣች። የወረቀቱን ኮፒ ይዛለች። እስከ ወሩ መጨረሻ ቤቱን ልቀቂ ተብላለች።

"ይሄ ያንቺ ማህተም ነው?"

"አዎ።"

"የዚያን ቀን እማዬን አይተሻታል?"

"አይቻቸዋለሁ።"

"ምን አለችሽ?"

ኧረ ምን ነክቶኝ ነው! ዝም ማለት እችል ነበር እኮ። አፌ ግን አላረፈም።

"ባረኩኝ" አልኳት።

ኢልዳ አለቀሰች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "ተመስገን" አለች። "እኔን ሳትባርከኝ ነው የሞተችው። እንኳን አንቺን ባረከችሽ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? አልተከፈተችም። ሻይ አፈላሁላት።

ነገሩ የጀመረው በማግስቱ ነው።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ዱዋርቴ የላካቸው የመጀመሪያዎቹ ባለጉዳዮች፣ ባልና ሚስት፣ ሊፈርሙ መጡ። ደብተሬ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፏል፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ከፈትኩት።

ከእትዬ ኦሊንዳ መስመር ቀጥሎ ያለው መስመር ተይዟል።

ስም የለም። ፊርማ የለም። በአሻራው ሳጥን ውስጥ ብቻ ድፍን ጥቁር ክብ... አንድም መስመር የሌለው።

"ይሄ ምንድነው?" አለች ሚስትየዋ።

በጣቴ ነካሁት። እርጥብ ነው።

"ይቅርታ፣ ዛሬ አልሠራም" ብዬ ሸኘኋቸው።

በነጋታው ሁለት ክብ። በሦስተኛው ቀን አራት። በኖታሪ ደብተር መስመር አይዘለልም፣ ገጽ አይቀደድም። እኔ ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ እሱን ሕግ ፈርቼ ቁጭ ብዬ አያለሁ! ትልቁን ሕግ ሳፈርስ ያልፈራሁት ሴትዮ።

ለዱዋርቴ ደወልኩ።

"አቃጥይው" አለኝ። "ጠፋ በይ። ያ አሻራ እንደሆነ ያለው እዚያ ብቻ ነው።"

እውነቱን ነው። ኢልዳን የሚያድናት ያ ደብተር ብቻ ነበር። ያለሱ ቤቷ ሄደ። እሱ ካለ ደግሞ እኔ አለቀልኝ።

ዓርብ ቀን ደብተሩን ይዤ ኩሽና ገባሁ። ምድጃውን ለኮስኩ። የመጀመሪያውን ጥግ ወደ እሳቱ አስጠጋሁ...

ገጾቹ በሙቀቱ ተገለጡ።

እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ፣ በየመስመሩ፣ ጥቁር ክብ።

ብቻዬን ነው የምኖረው። የገዛ መኝታ ቤቴ በር ተዘግቷል፤ እኔ ግን አልዘጋሁትም።

ከበሩ ጀርባ...

"ዴልሚራ... አንቺ ነሽ?"

ደብተሩን ከእሳቱ ሳብኩ።

"ልጄ... ሳትባረኪ ልትሄጂ ነው?"

ምድጃውን እንዴት እንዳጠፋሁ አላውቅም። ደብተሩን ደረቴ ላይ አጣብቄ መኪና ውስጥ ገባሁ። ወደ ካውንቲው ጽሕፈት ቤት ነዳሁ። ቃለ መሐላ የፈጸምኩበት ቦታ ነው።

መስኮቱ ላይ መነጽር ያደረገች ወፈር ያለች ሴት ነበረች።

"ሥራዬን መልቀቅ እፈልጋለሁ" አልኳት። "ደብተሩን ላስረክብ።"

ገለጠችው። አንድ ገጽ፣ ሌላ ገጽ...

"ከዚህች ገጽ በኋላ ባዶ ነው" አለች።

አጎንብሼ አየሁ። ባዶ ነው። ወረቀቱ ነጭ ነው። የቀረው የዱዋርቴ አሻራ ብቻ ነው፣ መስመሮቹ የሚቆጠሩ።

"ችግር አለ?"

ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። 

"እኚህ ፈራሚ..." አልኩ።

"እሺ?"

"በፊቴ አልቀረቡም።"

ሴትየዋ መነጽሯን አወለቀች።

"አሻራውም የሳቸው አይደለም። አውራ ጣት የላቸውም። አውቅ ነበር። ከበሩ ጀርባ ጠሩኝ። ሰምቼ ሄድኩ።"

"ይጻፉት" አለች። ወረቀት ሰጠችኝ።

ቆሜ ሁሉንም ጻፍኩ። ምንም አላስቀረሁም። ፈርሜ ስመልስላት የግድግዳው ሰዓት ስምንት ከሃያ ይላል።

ወረቀቱን ተቀብላ ፊቴን አየችና የፊት መጥረጊያ ዘረጋችልኝ።

"ግንባርዎን ቀለም ነክቶዎታል።"

"የት ጋ?"

"መሐል ላይ። ቅድም ሲመጡ ግን አላየሁትም።"

ስልኬን አውጥቼ ራሴን አየሁ።

መስቀል ነው። ሰፋ ያለ፣ ጫፉ ድፍን ያለ መስቀል። በጣት የተሠራ አይመስልም።

አልጠረግኩትም። በቀጥታ ወደ ኢልዳ ነዳሁ። ዱዋርቴ ክስ ሲመጣበት ምን እንደሚያደርገኝ አላሰብኩም። የማስበው አንዲት ነገር ነበር... ያቺን "ባረኩኝ" ያልኳትን ውሸት። ውሸቴን ሳልመልስ የማድር አልመሰለኝም።

አንኳኳሁ። ኢልዳ ከፈተች። ዕቃዋን በካርቶን እያሸገች ነበር፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ወርዷል።

"ኢልዳ፣ ዋሽቼሻለሁ" አልኳት። "እናትሽን አላየኋቸውም። አልባረኩኝም። ጠርተውኝ ነበር፣ ዝም ብዬ ሄድኩ።"

አልጮኸችብኝም። አልመታችኝም። ግንባሬን ነው የምታየው።

"ይሄ መስቀል መቼ ነው የመጣብሽ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"አሁን... ስምንት ከሃያ ላይ።"

ቀስ ብላ ፀጉሯን ከግንባሯ ላይ ገለጠችው።

የሷም መስቀል ገና አልደረቀም ነበር።