ከሚዛኑ ያልተነሱ ዓይኖች

ዘመኑ ፲፱፻፲፫ ዓመተ ምሕረት ነበር፤ ታላቁ ጦርነት አልፎ፣ እሱን ተከትሎ የመጣው የጉንፋን ወረርሽኝም ከጦርነቱ የተረፈውን ሰው ለቃቅሞ ከሄደ ገና ጥቂት ጊዜው ነው። ከወንዙ ማዶ የፋብሪካዎቹ ጭስ በከተማዋ ጣራ ላይ ተኝቶ ይውላል፤ ትራሙ ጥቁር የለበሱ እናቶችን ጭኖ በመድኃኒት ቅመማ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ያልፋል። በዚያ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ፊት፣ ከባሕር ማዶ የመጣች ወጣት ሴት ለቃል ፈተና ተቀምጣ የጫማዋን ጫፍ ትመለከት ነበር።

የክፍል ጓደኞቿ «ዓይናፋሯ» ይሏታል፤ እኛም እንዲሁ እንበላት፤ ስሙ ግን ልኳ አልነበረም። እናቷን ወረርሽኙ በአገሯ ሳለች ሲወስድባት በከተማው ሐኪም አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው ሐኪሙ ያዘዘውን አውቆ የሚቀምም ሰው ነው። ስለዚህ ሐዘኑ ሳይወጣላት ሸንጎ ፊት ቆማ «እኔ ሄጄ እማራለሁ» አለች። አንገቷን ደፍታ ነው ያለችው፤ ግን ብላዋለች። ሹማምንቱ «ሴት ልጅ ባሕር ተሻግራ ምን ልታመጣ?» ብለው ሲያንጓጥጡ፣ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ የነበሩት አጎቷ ተነሥተው «እሷን ልካችሁ እዩ፤ ካልሆነላት ሌላ ሴት ላኩ ብዬ ደጃችሁን አልረግጥም» ሲሉ ቃላቸውን ሰጡ። ሁለቱ የአጎቷ ሴቶች ልጆች ይህን በመጋረጃ ጀርባ ሆነው ሰምተዋል። እነሱም መማር ይፈልጉ ነበርና ዕጣቸው በእሷ ላይ ወደቀ።

ወደ ፈተናው እንመለስ። ሊቀ መምህሩ፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ሽማግሌ፣ ይጠይቃሉ፤ እሷም በታላላቆች ፊት እንዳደገችው አቀርቅራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትመልሳለች። አንድም አልተሳሳተችም። ሽማግሌው ግን ግንባራቸውን ቋጥረው ብድግ አሉና ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብለው አዩ። ጉልበቷ ላይ ጽሑፍ ደብቃ የምታነብ መስሏቸው ነው! ከቀሚሷ ጫፍና ከጫማዋ በቀር ያገኙት አልነበረም፤ ቀና ለማለትም የጠረጴዛውን ጠርዝ መያዝ አስፈለጋቸው።

«ታዲያ ለምንድን ነው ፊቴን እያየሽ የማትመልሽልኝ?»

«ስለማከብርዎት ነው» ማለቱ ራሱ ድፍረት መስሎ ታያት።

«ስሚ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፤ ቁጣቸው በርዶ፣ ይልቁንም ያዘኑ መስለው። «በወረርሽኙ ጊዜ ከተማሪዎቼ ሁሉ ጎበዝ የነበረው ልጅ፣ ሐኪሙ ተሳስቶ ያዘዘውን መድኃኒት ስሕተት መሆኑን እያወቀ መዝኖ ሰጠ። ሐኪሙን መናገር ፈርቶ ነው። የሞተችው ሕፃን ነበረች። እኔ ፊት ቀና ማለት ላልቻለች ሴት የመርዝ ቁም ሣጥን ቁልፍ አላስረክብም። በጸደይ ማብቂያ ዳግመኛ አንድ ጊዜ ትፈተኛለሽ፤ ያኔም እንዲሁ ከሆንሽ ወደ አገርሽ ትመለሻለሽ።»

ከዚያ በኋላ ኑሮዋ እንደ ወትሮው ቀጠለ። ጠዋት በትራም ቆማ ትሄዳለች፤ ቀኑን ሙሉ ትወቅጣለች፣ ታጠልላለች፣ ብልቃጥ ታጥባለች፤ ጣቶቿ በአዮዲን ቢጫ ሆነው ይመለሳሉ። ካልሲዋን አጥባ በምድጃው ላይ ትዘረጋና መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ብርሃኑ እስኪሸሽ ታነባለች። ከአገሯ መጥቶ ሕግ የሚማረው፣ በዕድሜ ስለሚበልጣት ጋሼ የምትለው ወጣት፣ ነገሩን ሲሰማ ሊያለማምዳት መጣ። የኮት መስቀያውን ሳሎን መሐል አቆመና ባርኔጣ ደፋበት፤ የራሱን መነጽርም ሰካለት።

«ይኸውልሽ ሊቀ መምህሩ። በይ ቀና ብለሽ አናግሪያቸው።»

ዓይናፋሯ መስቀያውን አንድ ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ወለሉን አየች።

«እህቴ፣ እንጨት እኮ ነው!»

«አውቃለሁ ጋሼ። ግን ባርኔጣ አድርጓል።»

ሕግ ተማሪው ሳቁን መግታት አቅቶት ወንበር ላይ ወደቀ። እሷም ሳቀች፤ ሲሄድ ግን ክፍሏን ዘግታ አለቀሰች።

መፍትሔው የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው። ቤት ያከራየቻት ባሏ የሞተባት አሮጊት አተር እየፈለፈለች ነበርና ዓይናፋሯም አጠገቧ ተቀምጣ ታግዛት ጀመር። ሴትዮዋ ለሳሏ ስለምትወስደው ጠብታ አነሣች፤ ሲብስባት እጥፍ እንደምትወስድም ነገረቻት።

«አይሆንም እማማ» አለች ዓይናፋሯ፣ እጇ ሥራውን ሳያቆም። «እጥፍ ከወሰዱ እንቅልፍ ይዞዎት ይሄዳል። ዛሬ ጠርሙሱን እኔ እወስደዋለሁ።»

«ደግሞ አንቺ ነሽ የምትከለክዪኝ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ አተሩን ትታ አየቻት። «ምን ዓይነት ልጅ ነሽ አንቺ? ደህና አደርሽ ስልሽ ምድር ትገቢያለሽ፤ ሥራ ስትይዢ ግን ቤቴ ውስጥ ትሾሚብኛለሽ።»

የዓይናፋሯ እጅ ቆመ። ከዚያ ቀን በኋላ ከኮት መስቀያው ጋር አልታገለችም።

የጸደዩ ፈተና ደረሰ። ሊቀ መምህሩና ሌሎች ሁለት መምህራን በጠረጴዛው ዙሪያ ተሰይመው ወንበሩን ቢያሳዩዋት አልተቀመጠችም።

«ጌታዬ፣ ፈቃድዎ ቢሆን ሚዛን ይዤ ልፈተን። እርስዎ ከጎኔ ቆመው ይጠይቁኝ።»

አንደኛው መምህር ሳቅ አለ። ሌላው ደንቡን ማገላበጥ ያዘ፤ ክልክል የሚል አላገኘም። ሊቀ መምህሩ ጢማቸውን እየደባበሱ ተነሡ፤ ሁሉም ወደ መቀመሚያው ክፍል ገቡ።

እዚያ ሌላ ሰው ሆነች። እየመዘነች፣ እየበጠበጠች፣ እያጣራች ለተጠየቀችው ሁሉ መለሰች፤ ድምፅዋ እስከ በሩ ይሰማል፤ ዓይኗ ከሚዛኑ አልተነሣም። ሚዛን የያዘን ሰው «ለምን አቀርቅረሻል?» የሚል ማን አለ? ሽማግሌው የመርዙን ቁም ሣጥን ከፍተው፣ ቁልፉን እዚያው ትተው፣ አንድ ጥቁር ብልቃጥ አወረዱና ፊቷ አኖሩ።

«ሞርፊን ነው። ለሁለት ዓመት ሕፃን፣ ለሳል» አሉና መጠኑን ነገሯት። የነገሯት መጠን ለአንድ ጎልማሳ የሚሰጥ ነበር።

እጇ ቆመ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ። ይህን አልመዝንም።»

«ያዘዝኩሽ እኔ ነኝ። ስንት ዘመን ሳስተምር እንደኖርኩ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ሕፃኑ ግን ይሞታል።»

«መዝኚ ብያለሁ!»

ብልቃጡን ከደነች፣ ወደ ቁም ሣጥኑ ወስዳ መለሰች፣ ቆለፈችበት፤ ቁልፉንም በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ ለሽማግሌው አቀረበችላቸው።

ሊቀ መምህሩ አልተቀበሏትም። ያቺን የሞተችውን ሕፃን አስታውሰው ይሁን ሌላ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ያዢው» አሏት። «ያንቺ ነው።»

በዓመቱ ሁለቱ የአጎቷ ልጆች መርከብ ተሳፈሩ።

በአገሯ የመድኃኒት ቅመማ ትምህርት ቤት በተከፈተ ዕለት የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ አለ። ሚኒስትሩና የጦር አለቆቹ ደረታቸውን ነፍተው ካሜራውን ያያሉ፤ ትምህርት ቤቱን ያቋቋመችው ሴት ብቻ አቀርቅራለች። የዘመኑን ታሪክ የጻፈው ሰው ለሚኒስትሩ ብዙ ገጽ ሰጥቶ ስለ እሷ ከሥዕሉ ግርጌ «ሴትዮዋ አፍረው ይታያሉ» ብሎ አለፈ። ሰውዬው የጻፈው ያየውን ነውና አንፈርድበትም።

ያስተማረቻቸው ግን ሌላ ያወራሉ። ሁሉንም የምትፈትናቸው ከጎናቸው ቆማ፣ ሚዛን አስይዛ ነበር፤ የመጨረሻው ጥያቄ ሁልጊዜ ከራሷ አፍ የሚወጣ የተሳሳተ ትእዛዝ ነው። አንዷ ተማሪ እንደ እናቷ ታከብራት ነበርና የታዘዘችውን መዝና ወደቀች።

«እትዬ፣ እርስዎን እንዴት እንቢ ልበል?» ብላ አለቀሰች።

«አንገትሽን ደፍተሽ» አለቻትና ለሌላ ቀን ቀጠረቻት።